በሩን የቆለፍኩባት ተማሪ

የማስተምረው ስታትስቲክስ ነው። ኮሌጃችን ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ካለ ሕንፃ ላይ ሁለት ፎቅ ተከራይቶ ይሠራል። ምድር ቤቱን አሉሚኒየም የሚቆርጡ ሰዎች ይዘውታል። መቁረጫው ሲጮህ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ግን እስኪርቅ ዝም እላለሁ፤ ከእሱ ጋር መፎካከር አይቻልም። ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ አስተምሬያለሁ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ጥብቅነቴ ነበር። ሰዓቱ ከሞላ በኋላ ማንም ክፍሌ አይገባም። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ እከታለሁ። ይህን አድርግ ያለኝ የለም፤ ሕጉ የራሴ ነበር። ተማሪዎቹ ከኋላዬ «ቁልፉ» እያሉ እንደሚጠሩኝ ስሰማ አልከፋኝም። እንዲያውም ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነግሬያት ስቄያለሁ። እሷ አልሳቀችም።

ልጅቷ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከሳሊተ ምሕረት አለፍ ብሎ፣ ድሮ የእርሻ መንደር በነበረው ቦታ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አሁን እርሻው ላይ ፎቅ ቆሞበታል፤ እነሱም በቀረቻቸው ግቢ ጥቂት ላሞች ይዘው ወተት ይሸጣሉ። ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። ከዚያ ቤት ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው የመታወቂያ ቁጥሯን ብቻ ነበር።

ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ክፍሉ ሲያበቃ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ።

«ቲቸር፣ ሲመችዎት ቢያነቡልኝ» አለች።

እስኪመቸኝ አልጠበቅኩም። ልጆቹ ገና ደብተራቸውን እየሰበሰቡ እያሉ እዚያው ገለጥኩት። ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «በር ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ እጄም ይደነዝዛል። ምን እንደሆነ በውል አላውቀውም። በሩ አጠገብ እንድቀመጥና ሲብስብኝ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብዬ እንድመለስ ቢፈቅዱልኝ እረጋጋለሁ። ትምህርት አልረብሽም።»

ይህን ለመጻፍ ስንት ቀን እንዳሰበች ማን ያውቃል። እኔ ግን ወረቀቱን እየመለስኩላት፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ የማይጨንቀው ማን ነው? ይኼ እኮ ኮሌጅ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት አይደለም» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። እሷ ወረቀቷን በነበረበት እጥፋት መልሳ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ ከሁሉም ቀድማ እየመጣች በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ትይዝ ጀመር። በሰዓቱ ስለምትደርስ የምናገራት አላገኘሁም። ኩዊዝ በሰጠሁ ቁጥር ከፍተኛውን ውጤት የምታመጣው እሷ ነበረች። አንዳንድ ቀን ግንባሯ በላብ ረጥቦ፣ ዓይኗን ከበሩ እጀታ ሳትነቅል ስትቀመጥ አያለሁ። አይቼ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

የፋይናሉ ቀን አቀማመጡ በመታወቂያ ቁጥር ስለሆነ፣ ለእሷ የደረሳት ከመስኮቱ በኩል፣ ከበሩ እጅግ የራቀው ወንበር ነበር። ልትለምነኝ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሁለት እርምጃ መጣች። እኔም በእጄ ተቀመጪ አልኳት፤ ተመልሳ ተቀመጠች። በሩን ቆለፍኩ።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደሠራች እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ትንሽ ልውጣ።»

«የወጣ አይመለስም።»

«ወረቀቱን እርስዎ ይያዙልኝ። እዚሁ በር ላይ ቆሜ እመለሳለሁ።»

«ተቀመጪ ብያለሁ።»

አልተቀመጠችም። በወንበሮቹ መካከል እየተደናቀፈች ሄዳ እጀታውን ያዘች፤ አዞረችው፤ አልተከፈተም። ደግማ አዞረችው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የሄድኩት ቀስ ብዬ ነበር። ይህን ማንም አላስተዋለውም ይሆናል፤ እኔ ግን ሆን ብዬ ነው ቀስ ያልኩት። ሌሎቹ እንዲያዩና እንዲማሩበት ፈልጌ ነው። በዚህ መካከል በሩን እንደተደገፈች መሬት ላይ ወደቀች። ትንፋሿ ክፍሉን ሞላው፤ ሩቅ ሮጦ እንደመጣ ሰው። የክፍሉ ተጠሪ የሆነው ልጅ ብድግ ብሎ «ይክፈቱላት እንጂ» አለ። ከፈትኩ። ግድግዳውን እየያዘች ተነሥታ ደረጃውን ወረደች።

ወረቀቷን አነሣሁ። ከአሥሩ ጥያቄ ሰባቱን ሠርታለች፤ ሰባቱንም ትክክል። ከላይ እስከ ታች በቀይ አስምሬ «ያለ ፈቃድ ወጥታለች» ብዬ ጻፍኩና ዜሮ ሰጠኋት። በትምህርቱ ኤፍ ሆነ። ያን ቀን ምሳዬን በደንብ ነበር የበላሁት።

ከሳምንት በኋላ እናቷ መጡ። ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ደረጃውን ስለወጡ ጥቂት አረፉና ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ግቡ ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉን መርጠው መርጠው ነው የሚያወጡት።

«መምህር፣ ልጄ ምን አደረገችዎት?» አሉኝ።

«እኔን ምንም አላደረገችኝም፤ ፈተና ጥላ ነው የወጣችው። ሕግ ነው እናቴ።»

«ሕጉን ማን አወጣው?»

«ኮሌጁ» አልኳቸው።

ዋሸሁ። በሃምሳ ዓመት ዕድሜዬ፣ ልጃቸው ስለተነካችባቸው ከሳሊተ ምሕረት ማዶ ሁለት ታክሲ ይዘው ለመጡ ሴት፣ የራሴን ሕግ የኮሌጁ ነው አልኳቸው። ቀጥዬም የሐኪም ወረቀት ካመጣች ይታይላታል ብዬ ሸኘኋቸው። ወረቀቱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ አቤቱታ የሚገባው በስንት ቀን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ጤና ጣቢያ ተመላልሰው ይዘው ሲመጡ ሬጅስትራሩ ቀኑ አልፏል ብሎ መለሳቸው። ልጅቷ በሚቀጥለው ሴሚስተር አልተመዘገበችም።

ሳልነቃ እንዲሁ እኖር ነበር። የነቃሁት በዚያ የክፍል ተጠሪ ምክንያት ነው። ከወራት በኋላ ሩዋንዳ ሰፈር አንድ ቁርስ ቤት ተገናኝተን፣ ያን ዓመት ያ ክፍል ጥሩ ውጤት ያመጣው በእኔ ጥብቅነት እንደሆነ ልነግረው ቃጣኝ። ልጁ ሻዩን አስቀመጠና አየኝ።

«ቲቸር፣ እንዳይቀየሙኝ። እኛን ያስተማረችን እሷ ናት» አለ።

«ማን?»

«ያባረሯት ልጅ።»

ስልኩን አውጥቶ የክፍላቸውን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። በየሳምንቱ፣ ከእኔ ክፍል በኋላ፣ ልጅቷ ትምህርቱን በራሷ ድምፅ እያስረዳች ትልክላቸው ነበር። አንዱን አስደመጠኝ። ከኋላዋ ላም ትሰማለች። «ሩዋንዳ ጋ ታክሲ ለመያዝ በአማካይ አሥር ደቂቃ ይፈጃል ቢሏችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑ» ትላለች፤ «አንድ ቀን ሁለት ደቂቃ ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ ግማሽ ሰዓት። አማካዩ የሚነግራችሁ ስንት እንደምትጠብቁ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደግሞ አማካዩን ምን ያህል ማመን እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።» እኔ ሰሌዳ ሞልቼ የምጽፈውን፣ እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

«ክፍል ውስጥ ስንሆን እርስዎን ከመፍራት የተነሣ ምንም አይገባንም ነበር» አለ ልጁ። «የምንሰማው ቤት ገብተን እሷን ነው።»

ቁርሴን አልጨረስኩም።

በቀጣዩ ሴሚስተር በሩን መቆለፍ ተውኩ፤ ገርበብ ብሎ ይውላል። የፈለገ የፈለገበት ይቀመጣል፤ የጨነቀው ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። የአሉሚኒየሙ ጩኸት ለሚያስቸግራቸው፣ ጆሮው ለሚደክም አንድ ልጅና ሥራ ውለው ለሚመጡት ሁሉ፣ ትምህርቱን በድምፅ እየቀዳሁ በቴሌግራም እልክ ጀመር። ፕረዘንቴሽን ሰው ፊት ቆሞ ማቅረብ ለማይችል፣ ቢሮዬ መጥቶ ለእኔ ብቻ እንዲያስረዳኝ ፈቀድኩ። ፈተና ላይም ሰዓት ጨመርኩ። አንዱም ከእኔ የፈለቀ አይደለም። ግማሹ በዚያች የታጠፈች ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሌላው በልጅቷ ድምፅ ውስጥ ነበር። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ባለንብረቷን ካባረርኩ በኋላ ንብረቷን የራሴ ማድረግ ነው።

ዲኑ መጀመሪያ አልወደደውም። «ወላጅ የሚከፍለን ዲሲፕሊን አላቸው ብሎ ነው፤ በር ከፍተህ ገበያ አደረግከው» አለኝ። ትምህርት የሚያቋርጡት ሲቀንሱና ሊገመግሙን የመጡ ሰዎች ሲያመሰግኑት ግን ሐሳቡ የእሱ ሆነ። አንድ ማለዳ ቢሮው ጠርቶኝ፣ ቦሌ ካለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ለሌሎች ኮሌጅ መምህራን ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤናና ስለ አካታች ማስተማር ሥልጠና እንደሚሰጥና ተናጋሪው እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። «ሰውን የሚነካ ታሪክ ጨምርበት» አለኝ።

ጨመርኩበት። ኮቴን ለብሼ መድረክ ላይ ወጣሁና «አንዲት ተማሪ ነበረችኝ» ብዬ ጀመርኩ። በሩን፣ ወለሉን፣ ትንፋሿን ሁሉ ነገርኳቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው ጣፈጠኝና እናቷ ዘንድ ስደርስ «እግሬ ላይ ወድቀው አለቀሱ» አልኩ። አንዲት መምህርት ዓይኗን ጠረገች። ስጨርስ ቆመው አጨበጨቡልኝ፤ ኮሌጁም የተቀረጸውን ቪዲዮ ቴሌግራም ገጹ ላይ ለጠፈው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በቴሌግራም አንድ መልእክት ደረሰኝ። «ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ቪዲዮውን አየሁት። ክፍላችን የነበሩት ሁሉ እኔ መሆኔን አውቀዋል። ታሪኬን ሲናገሩ እኔን አልጠየቁኝም። ሌላው ይሁን፤ እናቴ ግን እግርዎ ላይ አልወደቀችም።» ይኸው ነው። ስድብ የለበትም።

አንድ ቀን ሙሉ መልስ ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። በመጨረሻ መጥቼ ላናግርሽ ብዬ ጠየቅኳት፤ ያለችበትን ነገረችኝ። ቦሌ ሚካኤል ነበረች። ከኮሌጁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ አክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ጥልፍ ትሠራለች። ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አልፌያለሁ። ቤቱ መዝጊያው ወደ ላይ የሚጠቀለል፣ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ለመንገዱ የተከፈተ ነው። እሷ ከመግቢያው ዳር ተቀምጣ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ትጠልፋለች። ስታየኝ ተነሥታ በርጩማ አቀረበችልኝ። ያ ትሕትናዋ ከስድብ በላይ ነው የቆጠቆጠኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«እሺ።»

«በጣም ነው ያጠፋሁት።»

«እሺ ቲቸር» አለች፤ ዓይኗ መርፌው ላይ ነው። ይቅርታዬን አልተቀበለችውም፤ አልመለሰችውምም። ጥቂት ጠልፋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች። «ካዘኑ ኤፉን ያንሡልኝ። በእሱ ምክንያት ሌላ ኮሌጅ ልቀጥል ብል አይቀበሉኝም፤ ከአንደኛ ዓመት ጀምሪ ነው የሚሉኝ። ሌላ ከእርስዎ የምፈልገው ነገር የለም።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ለዲኑ የሚገባ ደብዳቤ ጽፌ አስቀድሜ ለእሷ አሳየኋት። «በፈተና አሰጣጥ ላይ በተፈጠረ የአሠራር ክፍተት ምክንያት» ብዬ ነው የጀመርኩት። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«እዚህ ላይ እኔ የለሁም» አለች። «እርስዎም የሉም።»

ወስጄ ቀደድኩትና እንደገና ጻፍኩ። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ሕጉ የእኔ እንጂ የኮሌጁ አልነበረም፤ ልውጣ ስትለኝ ከለከልኩ፤ ስትወድቅ ቶሎ አልከፈትኩም፤ ሰባት ጥያቄ በትክክል ሠርታ ሳለ ዜሮ ሰጠኋት፤ ለእናቷም ዋሸሁ። ደብዳቤው አንድ ገጽ አልሞላም። ፈርሜበት አስገባሁ።

ዲኑ በሩን ዘጋና ዝቅ ባለ ድምፅ አናገረኝ።

«ይኼን ነገር ለምን ትጽፋለህ? ነገ ወላጅ ከስሶን ቢመጣ ማስረጃው በራስህ ፊርማ ነው።»

«እውነት ስለሆነ ነው የጻፍኩት።»

«እውነቱንማ ሆቴል ተናግረኸው የለ? በቃ፤ እዚያ ላይ ይብቃህ።»

ጉዳዩ ኮሚቴ ዘንድ ቀረበ። የፈተና ወረቀቷ ይምጣ ተባለ። ዓመት ያለፈው የፈተና ወረቀት ሁሉ ለቆራሌው ተሽጧል። ወረቀት ከሌለ የሚታረም ነገር የለም፤ ደግሞም የአንድ ሴሚስተር ጊዜ ካለፈ ግሬድ አይቀየርም አሉ። ሰባቱንም በትክክል ሠርታ እንደነበር አስታውሳለሁ ብዬ ተከራከርኩ። አንዱ የኮሚቴ አባል፣ ወጣት መምህር ነው፣ «በማስታወስ ግሬድ አይሰጥም» አለኝ። እኔው ያስተማርኩት ዓይነት አነጋገር ነው። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የእሷ ኤፍ ባለበት ቀረ።

ስልክ መደወል ስላሳፈረኝ ሄጄ ነገርኳት። ዝናብ ይጥል ስለነበር መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አውርደውት፣ እሷ ወንበሯን ወደ ውጭ አስጠግታ እግሯ በነጠብጣብ ይረጥባል።

«እንቢ አሉ» አልኳት።

«አውቄው ነበር» አለች። «ያስገቡት ደብዳቤ ግን ያኔ ያሳዩኝ አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም። እንደገና ጻፍኩት።»

«ኮፒ አለዎት?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችኝ። ስለ እናቷ የሚለው መስመር ጋ ስትደርስ ቆም አለች፤ ደግማ አነበበችው።

«ልውሰደው? በኦሮምኛ አድርጌ ለእናቴ አነብላታለሁ» አለች። «እስከ ዛሬ እኔ የኮሌጁን ሕግ የጣስኩ ነው የሚመስላት። ጎረቤት ሲጠይቃት እንደዚያ ነው የምትለው።»

ውሰጂው አልኳት። ዝናቡ ቀለል ሲል ወጣሁ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥልጠናው ድጋሚ ተዘጋጀ። አልናገርም አልኩ። ለዲኑም ስላይዶቹን ሳስረክብ የእሷን ታሪክ የያዙትን ገጾች አጥፍቼ ነበር፤ ለካ የመጀመሪያውን ቅጂ ይዞታል። በሥልጠናው ቀን ሌላ ወጣት መምህር መድረኩ ላይ ወጥቶ «በኮሌጃችን አንዲት ተማሪ ነበረች» ብሎ ሲጀምር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁት። እናትየው እግር ላይ የወደቁበት ቦታ ሲደርስ ተነሥቼ «ይኼ አልሆነም» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስተናባሪዋ ጥያቄና አስተያየት በመጨረሻ ነው አለችኝ። በመጨረሻ ሰዓቱ ስላለቀ ዕድል አልተሰጠኝም፤ ወደ ምሳ ሄዱ።

እሷ ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ኮሌጅ ከአንደኛ ዓመት ጀምራለች። በቀን አክስቷ ጋ ትሠራና በማታው ክፍል ትማራለች። ሁለት ዓመት ያለፈችውን ትምህርት ሁሉ እንደ አዲስ፣ ከሷ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር። ይህን የነገረኝ የክፍል ተጠሪ የነበረው ልጅ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ባለፈው ወር በቴሌግራም ጻፍኩላት፦ ስታትስቲክስ እንደገና መውሰድሽ ነው ወይ፣ መምህሩስ እንዴት ነው፣ የምረዳሽ ነገር ካለ ብዬ። አንብባዋለች፤ ምልክቱ ይታያል። አልመለሰችልኝም።